ሆቴሎቻችን ወሎን በአየር እየዘለሉ እስከ መቼ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ትልልቅ ሆቴሎች መስፋፋት የምታወጧቸውን ዘገባዎች እከታተላለሁ። አዲስ ቅርንጫፍ ሲመረቅ፣ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ታስነብቡናላችሁ፤ ሳነብም ደስ ይለኛል። ቅርንጫፎቹ ለምን እዚያ እንደሚከፈቱና ለምን እዚህ እንደማይከፈቱ ግን ሲጠየቅ አላየሁም። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመጡ እንግዶችን ተቀብሎ አልጋ መያዝ የሥራዬ አንዱ ክፍል ስለሆነ፣ ነገሩ ለእኔ የጋዜጣ ወሬ ብቻ አይደለም።

እስቲ ካርታውን እንየው። ከውጭ የመጡት ስሞች፣ ሂልተን እ.ኤ.አ. ከ1969፣ ሸራተን ከ1998 ጀምሮ፣ ከእነሱም በኋላ ራዲሰን ብሉ፣ ማሪዮትና ሃያት ሬጀንሲ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበዋል። የአገር ውስጦቹ መንገድ ይመርጣሉ። የበቀለ ሞላ ሆቴሎች የስምጥ ሸለቆውን ጎዳና ይዘው ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ ድረስ ወረዱ። የሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴም ሆቴሎች ሐዋሳ ላይ ተጀምረው ዝዋይን፣ ሻሸመኔን፣ አርባ ምንጭን ሲይዙ በአብዛኛው ያንኑ መስመር ተከትለው ነው። ኩሪፍቱ ውኃ ይወዳል፤ ቢሾፍቱ፣ ባሕር ዳር፣ አዋሽ። በሰሜን በኩል ደግሞ የመንግሥቱ የጊዮን ሆቴሎች ድርጅት ባሕር ዳር ላይ ጣናን፣ ጎንደር ላይ ጎሃን፣ ላሊበላ ላይ ሮሃን፣ አክሱም ላይ የሃን ተክሎ ነበር። ይህ የአውሮፕላን መስመር ነው። ጎብኚው ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ላሊበላ፣ ከላሊበላ አክሱም ይበራል። በመካከል ያለውን አገር በመስኮት አይቶት ያልፋል።

ላሊበላ ወሎ መሆኑን የሚስተው የለም። ቅርሱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስንት እንግዳ አስተናግዷል። ነገር ግን በአየር መጥቶ በአየር የሚመለስ ጎብኚ ለደሴ፣ ለሐይቅ፣ ለውጫሌ፣ ለመርሳና ለወልድያ አንድ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ነው የሚሄደው። የባቲን የሰኞ ገበያ አያይም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አይሳለምም። ይህ ሁሉ ያለው ዋናው የአስፋልት መንገድ ዳር ወይም ከእሱ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብረ ብርሃን አድርጎ፣ ጣርማ በርን በዋሻው አልፎ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ በኩል የመጣ መኪና ኮምቦልቻ ሲደርስ ይመሻል። ማደር ግድ ነው። አንዱ መንገድ ከዚህ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ሌላው ደሴን አልፎ ወልድያ ላይ ለመቀሌና ለላሊበላ ይለያያል። ከተማዋ አየር ማረፊያ አላት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኳም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ደሴና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚመጣው ሕዝብ ደሴን ሲያጥለቀልቃት ደግሞ ማየት ነው። በዚያ ሰሞን አልጋ የጠየቀ ሰው መኪና ውስጥ ቢያድር አይገረምም። ሐዋሳ ላይ ሆቴል የሚያስገነባ ምክንያት ሁሉ እዚህም አለ።

አልጋ የለም እያልኩ አይደለም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ፎቅ በፎቅ ሆነዋል። የምንቸገረው አልጋውን አምነን ለእንግዳ መስጠት ላይ ነው። ክፍሉ አዲስ ነው፤ ሴራሚኩ ፊት ያሳያል፤ ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ሲከፈት ጥግ ላይ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፤ በላዩ ጆግ ተንጠልጥሏል። የቧንቧው ውኃ ማታ ስለማይወጣ ነው። ማሞቂያው ግድግዳው ላይ አለ፤ መብራቱም ይበራል፤ ውኃ ሳይኖር ምን ያሞቃል? በስልክ አረጋግጬ የያዝኩት ክፍል፣ እንግዶቼን ይዤ ስደርስ “ለሠርግ ተይዟል” የተባልኩበት ጊዜ አለ። እንግዳው ጠዋት ሒሳብ ሲዘጋ የመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ የሚቀበለው ደረሰኝ ይጠይቃል፤ “ማሽኑ ተበላሽቷል” ይባላል። ያ እንግዳ ቀጣዩን ሥልጠና አዳማ ያደርገዋል። አብሮትም የሥልጠናው አበል፣ የምሳው፣ የመኪናው፣ የአዳራሹ ገንዘብ ሁሉ አዳማ ይቀራል።

አስተናጋጆቹን አልወቅስም። ባለቤቶቹንም ቢሆን ያላቸውን ጥሪት ፎቁ ላይ አፍስሰው ያቆሙ የአካባቢያችን ልጆች ናቸውና ልወቅሳቸው አይገባኝም። የጎደለው አሠራሩ ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ከፎቁ በፊት ስለ ውኃ ማጠራቀሚያና ስለ ፓምፕ ያስባል፤ ሠራተኛ ያሠለጥናል፤ የያዘልህን ክፍል ለሌላ አይሰጥም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ያደረውን እንግዳ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ሐዋሳ ያደረ ሰው አርባ ምንጭ ያለውን አልጋ እዚያው ሆኖ ይይዛል። እኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። አንድ ትልቅ ሪዞርት አንድ ቦታ ላይ ብቻውን ቢቆም መንገዱን አይከፍተውም። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ፣ ቀጥሎ ሐይቅ፣ ቀጥሎ ወልድያ፣ መጨረሻ ላሊበላ ተያይዘው የሚሠሩ መካከለኛ ቤቶች ቢኖሩ ግን ጎብኚው በመኪና ይመጣል። ሎጎ ሐይቅ መንግሥት ለቱሪዝም በጀመራቸው የገበታ ለትውልድ ፕሮጀክቶች መካተቱ ትልቅ ተስፋ ነው፤ የምሰጋው ከአዲስ አበባ መጥቶ ተዝናንቶ ለሚመለስ ሰው ብቻ እንዳይሆን ነው።

“ካፒታል ከየት ይምጣ?” የሚል ይኖራል። ስምና ሕንፃ የግድ የአንድ ሰው አይደሉም። የአዲስ አበባው ሂልተን ሕንፃ የመንግሥት ነው፤ ሂልተን የሚያስተዳድረው በውል ነው። ሸራተንም የሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ንብረት ሆኖ በዓለም አቀፉ ድርጅት ስምና አሠራር ይተዳደራል። ይህ ውል ለዋና ከተማ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ሕንፃውን የጨረሰ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ስመ ጥር ሆቴሎች ከአንዱ ጋር ቢዋዋል፣ ዛሬ በርሜል የቆመበት መታጠቢያ ቤት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ሼኩን ካነሣሁ አይቀር፣ ያደጉባት ወልድያ በ2009 ዓ.ም. በስማቸው የተሰየመ ዘመናዊ ስታዲየም አግኝታለች። ስታዲየም ካለ ተጋባዥ ክለብ አለ፤ ክለብ ሲመጣ ደግሞ ለተጫዋቹም ለአሠልጣኙም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚበቃ፣ ጠዋት ቁርሱ በሰዓቱ የሚደርስ ቤት ይፈለጋል።

ስለ ሰላም ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ አያምነኝም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቷል፤ ስንት ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። ከዚያ ወዲህም ክልሉ አልረጋም፤ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ባለሀብት ቢያመነታ እረዳዋለሁ። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሻሸመኔና ዝዋይ ላይ የኃይሌ ሆቴሎች ሲቃጠሉ ድርጅቱ ሥራውን አላቆመም፤ ከዚያ በኋላ ጎንደር ላይ በሩን ከፍቷል። ዛሬ መሬት ተረክቦ፣ ዲዛይን አሠርቶ፣ ብድር ጨርሶ፣ ሠራተኛ አሠልጥኖ ሥራ እስኪጀመር ዓመታት ይፈጃል። ሰላሙ እስኪመጣ ተቀምጦ የጠበቀ፣ ሰላሙ የመጣ ዕለት ለእንግዳው የሚሰጠው አልጋ የለውም።

ከሁሉ በላይ የምቆጭበት የወጣቶቻችን ነገር ነው። ከወሎ ስንት ልጅ በባቲ በኩል በረሃውን አቋርጣ ሳዑዲ ገብታለች። ጅዳና ሪያድ የሰው ቤት አጽድታ፣ አልጋ አንጥፋ፣ እንግዳ አስተናግዳ፣ ዐረብኛውን አቀላጥፋ ተመልሳ እቤቷ ቁጭ ያለችውን በየሰፈራችን እናውቃታለን። ይህን ሙያዋን እዚሁ በወር ደመወዝና በጡረታ መብት የምትሠራበት ድርጅት ቢመጣ ማን ይጠላል? ገበሬውም አለ። የመርሳ ፍራፍሬ፣ የሐይቅ ዓሣ፣ የላስታ ነጭ ማር ቋሚ ገዢ ይፈልጋሉ። የወሎን እንግዳ ተቀባይነት በየመድረኩ ሲያወድሱት እሰማለሁ፤ እውነትም ነው። ቤቱ የመጣን ሰው እግር አጥቦ፣ ቡና አፍልቶ የሚቀበል ሕዝብ፣ መንገደኛውን ሌሊት በበርሜል ውኃ ማስታጠብ አይገባውም።

ስለዚህ የደቡብ ወሎና የሰሜን ወሎ ዞን አስተዳደሮች፣ የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮችም ለሆቴል የሚሆነውን ቦታ ከውኃና ከመብራት መስመሩ ጋር አዘጋጅተው፣ ድርጅቶቹ ዘንድ ራሳቸው ሄደው እንዲያነጋግሯቸው እጠይቃለሁ። ከተማን የሚያስተዋውቅ ባዛር ሲያልቅ የሚቀረው ነገር የለም፤ ውል ግን ይቀራል። ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በሚቀጥለው የቅርንጫፍ ምረቃ ላይ ጋዜጠኛችሁ ሲገኝ ለባለቤቱ ወይም ለሥራ አስኪያጁ ይህን ይጠይቅልን፦ ኮምቦልቻን፣ ደሴንና ወልድያን አጥንታችኋል ወይ? ካጠናችሁስ ያስቀራችሁ ምንድን ነው? መንገዱ ነው፣ ውኃው ነው፣ ጸጥታው ነው ወይስ የመሬት አቅርቦቱ? መልሱን እንዳለ አውጡልን፤ እኛም የሚመለከተውን አካል የምንጠይቅበት ነገር ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ