ዱባዋን ራሱ ነው የመረጣት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ አንዲት እናት «ልጄ ከፓስታ ሌላ አልቀምስ አለኝ» ብለው የጻፉትን አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። የኔም ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። ፓስታ፣ ብስኩት፣ ደስ ሲለው ሽሮ። አለቀ።

ጅማ፣ መንቲና ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የማታ ተረኛ ስትሆን ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ። ጎረቤት «ወንዱ ማጀት ገባ» ይላል፤ ይበል። አማቴ ደግሞ (ጋዜጣ ስለማያነቡ ልናገረው) የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነው፤ በግድ ማጉረስ። ልጁ ሰሃን ሲያይ አልጋ ሥር መግባት ጀመረ።

አንድ ሐሙስ የሚጠብቅልኝ ሰው ስላጣሁ ይዤው ሄርማታ መርካቶ ወጣሁ። «ዱባውን አንተ ምረጥ» አልኩት። ከክምሩ ትንሿንና ጠማማዋን አነሳ። ሻጯ ስቀው ዋጋ ቀነሱለት። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ከእቅፉ አላወረዳትም።

ቢላውና እሳቱ የኔ። እሱ ፍሬውን በእጁ ዛቀ፣ አጠበ፣ በጨው አሸ፤ እኔ ቆላሁለት። ያን ዕለት የበላው ፍሬውን ብቻ ነው። ወጡን አሸተተና ሄደ። «ቅመስ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በሁለተኛው ሳምንት በጣቱ ነካ አድርጎ ላሰ። በአራተኛው በእንጀራ ጠቀለለና መጀመሪያ እኔን አጎረሰኝ።

«ጣፈጠህ?» አለኝ።

«አንተስ?» አልኩት። ያኔ በላ።

ባለሙያዎች እንደሚሉት አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ 8፣ 10፣ አንዳንዴም 15 ጊዜ መሞከር ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን ሁለቴ አቅርበን «ይሄ ልጅ አትክልት አይወድም» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። ማጀት ብቅ ሲል ደግሞ «ውጣ፣ ትቃጠላለህ!» ነው። እሳቱስ እውነት ነው፤ የኔም ምድጃ መሬት ላይ ነው ያለው። ለዚህ ነው የሱን ሥራ ከሰል ሳይያያዝ በፊት የምንጨርሰው። ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ እሸት አተር ይፈለፍላል፣ ጎመን በእጁ ይቀነጥሳል። ወጥ ይዘገያል፣ ወለሉም ውሃ በውሃ ይሆናል። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ የምታየው ያንን ወለል ነው።

እኚያ እናት ተአምር እንዳይጠብቁ አንድ ነገር ልጨምር። ጎመኑን ቀንጥሶ ቀንጥሶ እስካሁን አንድ ቅጠል አልቀመሰም። ትናንት ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጎደሬ ካልገዛን ብሎ ያዘኝ። ጥሬው እጅ ስለሚያሳክክ መላጡም መቀቀሉም የኔ ነው። በደንብ በስሎ ሲበርድ መጨፍለቁን ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

አንድ አባት፣ ከጅማ