ለአባባ፣ በዩኒስ ከተማ

ትናንት የቤታችን ጣሪያ አልቆ ወደ ሌክ ቻርለስ ተመልሰናል፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጓዛችንን ሳንፈታ የምጽፈው ምስጋና ሲያድር ስለሚከብደኝ ነው።

ኦገስት 27 ቀን 2020 ሌሊት፣ ሎራ የተባለው አውሎ ነፋስ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር እየነፈሰ የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት ሲገባ እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከሌክ ቻርለስ ሸሽተን ዩኒስ ደርሰን ነበር። ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶ መኪና ውስጥ ስናድር ያዩን ሽማግሌ «ቤት አለ፣ ኑ» አሉን። ስሜ አይነሳ ስላሉ፣ ልጆቼ እንደሚጠሯቸው አባባ እላቸዋለሁ። ከሁለት ወር በላይ አኖሩን። የቤት ኪራይ ነገር ስናነሳ «እኛም የተፈናቃይ ልጆች ነን» አሉ። እሳቸው ኬጀን ናቸው፤ ኬጀኖች ደግሞ እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ ያባረሯቸው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘር ናቸው።

አባባ ሙዚቀኛ ናቸው። እኔ አኮርዲዮን ሲባል የማውቀው የኃይሉ መርጊያን፣ ባለ ፒያኖ ቁልፉን ነበር። የእሳቸው አሥር ቁልፍ ብቻ ያላት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ናት። አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲሳብ አንድ ድምፅ፣ ሲገፋ ሌላ ድምፅ ያወጣል። ልጄ ጣቷን በጣታቸው ላይ አድርጋ ስትከተላቸው ታመሻለች።

አንድ ማታ ከማን እንደተማሩ ጠየቅኳቸው። ከኢሪ ለጁን ነው አሉኝ፤ ዓይኑ እምብዛም የማያይ፣ አኮርዲዮኑን በዱቄት ከረጢት ይዞ የሚዞር የገበሬ ልጅ። በልጅነታቸው እዚሁ በእኛ ከተማ ሬዲዮ ይሰሙት ነበር። በ1955 ጎማ ለመቀየር መንገድ ዳር እንደቆሙ መኪና ገጭቶ ሲገድለው ገና 26 ዓመቱ ነበር።

«ኢሪ ራሱስ ከማን ተማረ?»

«ከአሜዴ አርድዋን ሸክላ» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ጥቁር ነበር።»

አርድዋን በ1929 ከነጩ የቫዮሊን ተጫዋች ከዴኒስ ማጊ ጋር ሸክላ ያስቀረጸ አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። አገሬው እንደሚያወራው፣ ሲጫወት ያላበውን ፊቱን እንዲጠርግ አንዲት ነጭ ሴት መሐረብ አቀበለችው፤ ለዚያ ሲሉ ነጮች ቀጥቅጠው ጣሉት። በ1942 ፓይንቪል በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። የተቀበረበት ቦታ እንኳ ተለይቶ አይታወቅም። አባባ ይህን ሲነግሩኝ ወናፉ ጭናቸው ላይ እንደተዘጋ ነበር። «እኔ የምጫወተው ሁሉ ከእሱ እጅ የወጣ ነው» አሉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔን መሰል ሰው በመሐረብ ምክንያት በተደበደበበት አገር፣ የእሱን ዜማ እያንጎራጎሩ ልጆቼን የሚያስተኙ ሰው ቤት ነበርኩ።

ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሲመልሱልኝ የተቆጡትም እሳቸው ናቸው። ተማሪ ሳሉ በግቢው ፈረንሳይኛ በመናገራቸው ተንበርክከዋል፤ ለገዛ ልጆቻቸውም ቋንቋውን ሳያወርሱ ቀርተዋል። አሁን ቤታችን ውስጥ አማርኛ ብቻ ነው።

ከሂውስተን እንጀራና በርበሬ ጭናችሁ የመጣችሁልን ወገኖቼ፣ ጋምቦ የሚባለውን የአገሩን ወጥ በድስት ያመላለሳችሁልን የዩኒስ ጎረቤቶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አባባ፣ ይህን ልጄ ተርጉማ በስልክ ታነብልዎታለች። ለገና እንመጣለን። ዶሮ ወጡን እኔ እሠራለሁ፤ አኮርዲዮኗን ብቻ ያዘጋጁልን።