ውሃው ሲወጣ

ሰላም ጓዴ፣

ስንት ጊዜ ሆነን? ሁለት ዓመት ሳያልፍ አይቀርም። ጥፋቱ የኔ ነው። በመጨረሻው መልእክትሽ "ምን እየሠራሽ ነው?" ብለሽኝ ነበር፤ ባጭሩ መመለስ አቃተኝና ነገ ነገ ስል ይኸው እዚህ ደረስኩ።

መልሱ፦ ክሪስታል ሲደርቅ አያለሁ። አትሳቂ።

ቲዮፊሊንን ታውቂዋለሽ፣ የአስም መድኃኒቱን። ከውሃ ውስጥ ሲወጣ መርፌ የመሰለ ጥርት ያለ ክሪስታል ይሠራል፤ ግን ብቻውን አይደለም፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ የውሃ ሞለኪውል ይዞ ነው የሚቀመጠው። ከክብደቱ 9 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ስትነኪው ግን ደረቅ ነው።

አንዷን መርፌ የሲሊኮን ዘይት ጠብታ ውስጥ አስቀምጬ ማይክሮስኮፕ ሥር አሞቃታለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ድንገት ከጫፏ መጥቆር ትጀምራለች፣ ጥቁረቱ በቁመቷ ይሮጣል፣ ዘይቱ ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ ያ አረፋ እንግዲህ ተን ሆኖ የሚወጣው ውሃ ነው። ከማይክሮስኮፑ ውጭ ካየሻት ኖራ መስላለች። የሚገርመው ቅርጿ ያው መርፌ ነው፤ ውስጧ ግን ብርሃን የማያሳልፍ የደቃቅ ክሪስታል ክምር ሆኗል።

ከጫፍ የሚጀምረው ውሃው በመርፌዋ ርዝመት በተዘረጋ ቀጭን ቦይ ውስጥ ተሰልፎ ስለሚቀመጥ ነው፣ መውጫ በሩ እዚያ ነው። ላክቶስ፣ የወተቱ ስኳር፣ እሱም ውሃ ይዞ ነው ክሪስታል የሚሠራው፣ ግን እንዲህ አይደለም። የሱ ውሃ አንድ በአንድ ተነጥሎ ስለተቆለፈበት እስከ 140 ዲግሪ አካባቢ ካልተሞቀ በቀላሉ አይለቅም።

ታዲያ አንዴ ቲዮፊሊኑን በቫኪዩም (አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ)፣ በዝቅተኛ ሙቀት አደረቅኩትና የሞለኪውሎቹን አደራደር የሚያሳየኝ የኤክስሬይ ውጤት ከማውቀው ጋር አልገጥም አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ስረግም ከረምኩ! ለካ ውሃው ሲወጣ ሞለኪውሎቹ በደንብ ሳይደላደሉ ቀርተው ሌላ፣ ያልረጋ የክሪስታል ቅርጽ (የውስጥ አደራደር ማለቴ ነው) ይዘዋል። ያንኑ ብልቃጥ ቆይቼ ብለካው ማንም ሳይነካው ወደ ተለመደው ቅርጽ ዞሯል። ክኒን ሲሠራ ዱቄቱ በውሃ ተለውሶ የሚደርቅበት ጊዜ አለ፤ ያልረጋው ቅርጽ እዚያ ከተፈጠረ ለውጡ ክኒኑ ውስጥ ይቀጥላል፣ ጥንካሬውም የሚሟሟበት ፍጥነትም ከመጀመሪያው ቀን ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

ደሞ አንድ ነገር። ተማሪ እያለን ማድረቂያ ውስጥ ረስተነው ነጭ ዱቄት የሆነው ኦግዛሊክ አሲድ ትዝ ይልሻል? ቲትሬሽኑ (አሲዱን በቤዝ ጠብታ የምንለካበት ሙከራ) አልሰምር ብሎን፣ ቤዙ ከታሰበው በላይ እያለቀብን፣ አንቺ "ተበላሽቷል" ብለሽ ደፋሽው። አልተበላሸም። ከክብደቱ ከሩብ በላይ ውሃ ነበር፣ እሱ ሲሄድ እኛ ደግሞ እንደድሮው መዘንነው፤ በግራም የበለጠ አሲድ እየጨመርን ነበር ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ "የመለኪያ ስህተት" ብለሽ የጻፍሽውም አንቺ ነሽ።

በይ ጻፊልኝ፣ እንደኔ አትጥፊ።