ፎቶው አንተ ዘንድ መሆን አለበት

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ ከሐዋሳ

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? ለአባትህ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ቀኑ በገፋ ቁጥር ስልክ ማንሳቱም ከበደኝ። ይኸው አራት ዓመት ሆነን። ይቅር በለኝ።

ሰሞኑን ቤት ስቀይር አባትህ የሰጡኝን ፎቶ አገኘሁ። የቴክኒሽያን ቱታ ለብሰው ቦሌ ላይ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ቆመዋል። ከጀርባው በእጃቸው «720ቢ፣ 1955» ብለው ጽፈዋል። አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ እየጠጣን «የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው ጄት ቦይንግ 707 ነው» ብዬ ድርቅ ያልኩብህን ቀን ታስታውሳለህ? ልክ አንተ ነበርክ፤ 720 ነው።

ሁለቱ የቦይንግ ጄቶች መንትያ ይመስላሉ። 720 ግን ከ707 የተወለደ፣ አጠር ቀለል ያለ ነው። ለአዲስ አበባም የሚመቸው እሱ ነበር። ከተማዋ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ስለሚያጡ ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል። የድሮው የልደታ ሜዳ ለጄት አልበቃ ብሎ ነው ቦሌ የተሠራው። 707 የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ግን ልቤ አሁንም በባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን በዲሲ-3 ላይ ነው። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ መደበኛ በረራ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ በእሱ ወታደራዊ ዓይነት በሲ-47 ነበር። በአስመራ አድርጎ ካይሮ ገባ። በእነዚያ አውሮፕላኖች ሰው ግራና ቀኝ በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መሐል ላይ ጭነት በሰንሰለት ይታሰራል። እስቲ አስበው፣ ጉልበትህ ከጭነቱ ጋር እየተነካካ አገር አቋርጠህ ስትሄድ!

ደግሞ ያ 767! ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። አባትህ «13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ» ሲሉ ደቂቃዋን እንዴት ረገጥ እንደሚያደርጓት ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ነፍሳቸውን ይማር።

ፎቶውን በፖስታ መላክ ፈራሁ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። መጥተህ ውሰደው። ከቦሌ በኪው 400 አውሮፕላን ና፤ መስኮት ዳር ተቀመጥ። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ሐይቁን አይከልልህም። ቀኑን ብቻ ንገረኝ፣ ማረፊያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ።

ያንተው