ግልጽ ደብዳቤ፦ «ቀጥል»ን የተጫነ ሁሉ ተምሯል ማለት አይደለም

ለሠራተኞች ሥልጠና መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ሥራዬ የሥልጠና ኮርሶችን ማዘጋጀት ነው። ቀጣዩ የኦንላይን ሥልጠና ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር እንዲቀየር ልጠይቅዎ ነው የምጽፈው። እሱም «ሥልጠናው ተሳክቷል» የምትሉበት መለኪያ ነው።

አሁን ያለው እንዲህ ነው። ሠራተኛው የመረጃ ደኅንነት ኮርስ እንዲወስድ ይታዘዛል። ኮርሱን ሲከፍት ስላይዱ በጽሑፍ ተጨናንቋል። አንድ ድምፅ ያንኑ ጽሑፍ ቃል በቃል ያነብለታል። እሱ አንብቦ ጨርሷል፤ «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ግን ድምፁ እስኪያበቃ ተቆልፏል። ታዲያ ምን ያድርግ? ድምፁን አጥፍቶ ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል፣ አልፎ አልፎ መጥቶ ጠቅ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ የምርጫ ፈተና ይመጣል። ቢወድቅ እዚያው ይደግመዋል፣ ጥያቄዎቹም አይለወጡም። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ በቴሌግራም ደርሶታል። ሰርተፍኬቱን ያወርዳል፤ በእናንተ ሪፖርት ላይም «ሠልጥኗል» ተብሎ ይቆጠራል። በማግስቱ «የይለፍ ቃልዎን በአስቸኳይ ያድሱ» የሚል የማጭበርበሪያ ኢሜይል ቢደርሰው ሊንኩን ይጫነው አይጫነው የሚያውቅ የለም።

በሠራተኛው አልፈርድም። ኮርሱ የጠየቀው መገኘቱን ብቻ ነው፤ እሱም ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ከዚያ አንዱ ቡድን ያንኑ ደግሞ አነበበ። ሌላው ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት በግልጽ በለጡ። የሚገርመው፣ በዚያው ጥናት ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች «የበለጠ እናስታውሳለን» ብለው ገምተው ነበር።

ይህን ወደ እናንተ ሪፖርት ይውሰዱት። ፈተናው የሚሰጠው ኮርሱ ባለቀ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ደካማው ዘዴ ጥሩ መስሎ የሚታየው ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ነው። «ኮርሱን ወደዱት?» የሚለው መጠይቅም ብዙ አያድንም፤ ሰው ምን ያህል እንደተማረ ሲገምት ይሳሳታላ!

ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ የቪዲዮ ሰዓትና የተመዝጋቢ ቁጥር መጠየቁን ይተው። ይልቅ ሠልጣኙ ከወር በኋላ ምን መሥራት እንደሚችል ይጠይቅ። የተመዝጋቢ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያታልል አንድ ማሳያ ልስጥዎ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኦንላይን ለሁሉም ክፍት ካደረጓቸው ኮርሶች እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 መካከል ከተመዘገበው ሰው የጨረሰው ከ100 ሰው 3 ያህሉ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ሊያዩ ብቻ እንደገቡ አልክድም። ግን ምዝገባው ብቻ ሪፖርት ቢደረግ ኖሮ ትልቅ ድል ይመስል ነበር።

ያው የመረጃ ደኅንነት ኮርስ በሌላ መንገድም ሊሠራ ይችላል። ገና ከመነሻው ሦስት ኢሜይሎች ይቅረቡ። «የትኛውን ትከፍታለህ?» ይባል። ሠልጣኙ ከተሳሳተ ቀይ ምልክት ብቻ አይታየው። የላኪው አድራሻ ጎልቶ ይውጣ፣ የተቀየረችዋ አንዲት ፊደል ትታይ፣ ለምን እንዳመለጠችው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ኢሜይል፣ ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ ስልኩ ላይ ይምጣለት። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሰው የተማረውን በፍጥነት እንደሚረሳ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። እኛ ግን ዛሬም አንዴ አስተምረን እንበተናለን።

ስለ ቪዲዮ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ፣ ቪዲዮው ቢረዝምም ቢያንስ ግማሹ እይታ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አሳይቷል። አዘጋጆች ይህን ሰምተው የአንድ ሰዓት ሌክቸር ይቆራርጡና «አሳጠርን» ይላሉ። ከእጅ አይሻል ዶማ! ስላይድን ቃል በቃል ማንበብም ይቅር። ሥዕልን በድምፅ ብቻ ማብራራት፣ ያንኑ ንግግር በጽሑፍ ከመድገም ይልቅ ለመረዳት እንደሚረዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር በተደጋጋሚ ሙከራ አሳይተዋል። መስማት ለተሳናቸውና ቋንቋው ገና ለሚከብዳቸው ግን የጽሑፍ መግለጫው የግድ ያስፈልጋል፤ የፈለገ እንዲከፍተው፣ ያልፈለገ እንዲዘጋው ይደረግ። ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሠልጣኝ ደግሞ ዳውንሎድ የሚደረግ ቀላል ቅጂ ይኑር።

ከበጀቱ ላይም ለሰው ትንሽ ይተዉ። ጥያቄ ሲጠየቅ በዚያው ቀን የሚመልስ አሠልጣኝ ማለቴ ነው። በጨረታው ላይ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉን ይመልሳል» የሚል አቅራቢ መምጣቱ አይቀርም። ይምጣ፤ ግን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ከወር በኋላ ሠልጣኙ ያላንተ እርዳታ ምን ይሠራል?

ይህን ሁሉ ለማመን ይከብድዎት ይሆናል። እንግዲያው አዲስ ውል ከመፈረምዎ በፊት በራስዎ መሥሪያ ቤት ይሞክሩት። ባለፈው ወር ሰርተፍኬት ከወሰዱት መካከል የተወሰኑትን በዕጣ ይምረጡ። ቀድሞ ሳይነገራቸው፣ ስም ሳይጻፍ፣ ቅጣትም ሳይኖር አዳዲስ ጥያቄዎች ያቅርቡላቸው። ውጤቱንም ያኔ ሪፖርት ካደረጋችሁት የማለፊያ ቁጥር ጎን አድርገው ይፋ ያውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥልጠና አዘጋጅ