ስለ አባትህ ዳማ ፈረስ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 24 ቀን

ለወንድሜ ለጌታቸው፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን መግቢያ አራተኛ ክፍል ሆነን መምህራችን እንዳስጻፉን ሳንለውጠው ስንት ዓመት ኖርንበት፤ ዛሬ ግን ከእሱ ቀጥሎ የሚጻፈው ጠፍቶኝ ሁለት ምሽት ወረቀቱን ሳየው አመሸሁ። ሦስት ዓመት ሞላን። አንተ ሦስት ጊዜ ደወልክ፤ አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ ተውከኝ፤ አልፈርድብህም።

ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ታምሜም አይደለም። ያራቀኝ የአባትህ ዳማ ፈረስ ነው።

ከአባትህ አርባ በኋላ ወደ አዋሳ ስትመለስ «ዳማውን ለደግ ሰው ሽጥልኝ» ብለህ ገመዱን በእጄ ሰጥተኸኝ ነበር። ሸጥኩት። ብሩንም በባንክ አስገባሁልህ። ለማን እንደሸጥኩት ስትጠይቀኝ ግን «ለጨዋ ሰው» አልኩህ እንጂ ባለጋሪ መሆኑን አልነገርኩህም። አባትህ የጫጫን ገበያ በኮርቻ እንጂ በጋሪ ሄደውት አያውቁም፤ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይጎትትም» እያሉ ተረቱን በራሳቸው መንገድ ሲያጣምሙት ትዝ ይለኛል። የገዛው ሰው እውነትም ጨዋ ነበር። ሌላው ፈረሱ ጀርባው አልገጠበም፣ ሰኮናው የተስተካከለ ነበር፤ ያንን አይቼ ነው የሸጥኩለት። ከሌሎቹ ገዢዎች የበለጠ መክፈሉንም አልደብቅህም።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ጋሪ ከአስፋልቱ እየተገፋ ወደ ኮረኮንቹ ወጣ፤ ባጃጅ ቦታውን ያዘ። ባለጋሪው በቀን የሚያገኛት ከድርቆሽና ከፉርሽካ ዋጋ በታች ስትወርድ ምን ያድርግ? ያነከሰ ፈረስ ገዢ የለውም። ሥጋው አይበላ፤ ቆዳው አይፈለግ። ማረድ ነውር ነው፤ በጥይት መግደል ደግሞ ኃጢአት ነው ይባላል። ስለዚህ ሲመሽ ከከተማው ዳር ይወስደውና ልጓሙን አውልቆ ይመለሳል። ልጓሙ ይሸጣል፣ ፈረሱ ይቀራል። «ገደልኩት» የሚል ሰው አታገኝም፤ ሁሉም «ለቀቅኩት» ነው የሚለው። የቀረውን ጅብ ይጨርሳል።

እንዲህ የተለቀቁትን ማታ ማታ በአስፋልቱ መካከል ታያቸዋለህ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሜዳውን ነጭ ሲያደርገው አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ትንሽ ስለሚይዝ ይሆናል፣ ጅብም መብራት ወዳለበት ስለማይደፍር ይሆናል፤ ብቻ እዚያ ቆመው የከባድ መኪና ጥሩንባ እንኳ አያነቃንቃቸውም።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አንዱ ከደጃፌ መጣ። የበሬሳን ድልድይ ተሻግረህ በስተግራ ያለውን የድንጋይ አጥሬን ታስታውሳለህ፤ ነፋሱን ለመሸሽ ግራ ጎኑን አጥሩ ላይ ደግፎ ቆሞ ነበር። ዳማ ነው። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጋማው ላይ ጭቃና ጭራሮ ተጋግሮበታል፤ ደረቱ ላይ የጋሪው ማነቂያ የበላው ቁስል የእጅ መዳፍ ያህላል። የኋላ ቀኝ እግሩን አንስቶ በሰኮናው ጫፍ ብቻ መሬቱን ይነካል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ቁስሉን አይደለም። በቀጥታ ወደ ቀኝ ወርቹ ሄድኩ። አባትህ ሲያነክስባቸው በጋለ ብረት ያስተኮሱትን፣ እንደ ሦስት ጣት የተዘረጋውን ጠባሳ ፈለግኩ። የለም። ጸጉሩ ድፍን ነው። እፎይ አልኩ። ጌታቸው፣ እንስሳው እየተንቀጠቀጠ እፎይ አልኩ፤ የአባትህ አይደለማ!

ሰኞ ጠዋት ነበር። በከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንድ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት አለ፤ ስሙን ተወው። ስልክ ቁጥሩ ከአንድ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ የሠባ ነጭ ፈረስ ሥዕል አለ። ደወልኩ። «ባለቤቱ ማን ነው?» አሉኝ። ባለቤት የለውም፣ ተጥሎ ነው አልኩ። «እኛ የምንሠራው ከባለንብረቶች ጋር ነው፤ ባለቤት ከሌለው ማን ፈርሞልን እናክማለን?» እንግዲያስ ማንን ልጥራ ብል፣ ወደ አንድ ቢሮ መሩኝ። ቢሮው ደግሞ «ይህ የድርጅቱ ሥራ ነው» ብሎ መለሰኝ። እንደገና ስደውል «ሐሙስ ቡድን ይመጣል» ተባልኩ። ፈረሱ እስከ ሐሙስ ምን ይብላ፣ ምን አይብላ፣ አንድ ቃል አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የገበሬ ልጅ ነኝና ፈረስ ማብላት የማላውቅ አልመሰለኝም።

ግማሽ ቁና ገብስ ሰፍሬ ጨው ነስንሼ አቀረብኩለት። እንዴት እንደበላ ባየህ! ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ለቅሞ ጨረሰና መዳፌን ሸተተኝ። ማታ ደገምኩለት። ጎረቤቴ ጠላ ሻጯ ባልዲ ሙሉ አተላ አመጣች፤ ልጆቹ ከምሳቸው ዳቦ እየቆረሱ ሰጡት። የሰፈሩ ጎረምሶች ሌሊት ጅብ እንዳይመጣበት እሳት አንድደው በተራ ጠበቁት። ማንም አላዘዛቸውም። ለአንድ ቀን ተኩል በሬሳ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ባለፈረስ ሆኖ ሰነበተ ብልህ ማጋነን አይሆንም።

ማክሰኞ ማታ ላብ አጠመቀው። ረቡዕ ጉልበቱ ከዳው፤ በግራ ጎኑ ተኛና እግሩን እያወራጨ አደረ። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

አራት ሰዓት ላይ ነጭ መኪናቸው ደረሰች። ጠላ ሻጯ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ ፊት ለፊታቸው ተናገረች። አንደኛው ሰውዬ አልሰማም መሰለኝ፤ ሬሳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ቅጽ መሙላት ጀመረ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ «የሰውነት አቋም» ከሚለው ፊት ለፊት ከአምስት አንድ ሰጠው። «የባለቤት ስም» የሚለው ባዶ ቀረ።

ከእነሱ ጋር የነበረችው ወጣት ሐኪም ግን ከፈረሱ ራስ አጠገብ ተቀምጣ ምን እንዳበላነው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ እህል በአንድ ጊዜ ሲወርድለት በደሙ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ይዛባል፤ ከዚያ ልብም ሳንባም ሥራ ያቆማል። ከርኃቡ የተረፈውን ምግቡ ይገድለዋል። መስጠት የነበረብኝ ድርቆሽ ነው፤ ያውም በእፍኝ በእፍኝ፣ ቀኑን ሙሉ እየቆየሁ። እህል ለጊዜው በአፉ ባይዞር ኖሮ የመዳን ዕድል ነበረው። ስለ ቁስሉ ስትነግረኝ ተኩስንም አነሳች፤ እግር ማስተኮስ ፈረሱን ከማሰቃየት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም አለችኝ። አባትህ ቢሰሟት በምን ዱላ እንደሚያባርሯት እያሰብኩ ስቄ ልሞት ነበር፤ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓትም ይስቃል።

እኔን ያንገበገበኝ መኪናዋ መዘግየቷ አይደለም። ነዳጅ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ መንገድ አለ፤ ሁሉም ምክንያት አይጠፋለትም። ሰኞ ጠዋት በስልኩ ላይ «እህል አትስጠው፣ ድርቆሽ ብቻ ጥቂት ጥቂት» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ምን ያህል ብር ትፈጃለች? ለእሷም ባለቤት ይፈርም?

ከጥምቀት በኋላ ያው ድርጅት በአንድ ሆቴል ስብሰባ ጠርቶ ነበርና ሄድኩ። ደብተርና እስክሪብቶ ታደለን። መክፈቻውን ያደረጉት ባለሥልጣን፣ እንደ ተለመደው፣ የነገሥታቱን የፈረስ ስም ቆጠሩ፦ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። በአንጎለላ ሜዳ ላይ የሣህለ ሥላሴ ፈረሰኛ እንዴት ይርመሰመስ እንደነበር ተረኩልን። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ ሁለት የተለቀቁ ፈረሶች የሆቴሉን ቆሻሻ ገንዳ እየበረበሩ ፌስታል ያኝካሉ። ቀጥሎ በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ያህል ፈረስ እንዳለ በሥዕል አሳዩን። ጥያቄ ሲፈቀድ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ተነሱና «ፈረሴ ታሟል አክሙልኝ ባልኳችሁ ቁጥር እኔን ታሠለጥኑኛላችሁ፤ እኔ እኮ አልታመምኩም» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ቁጣው ተነሳ። አንዷ «የፈረሳችንን ፎቶ ወስዳችሁ የት ነው የምታደርሱት?» አለች፤ ሌላው የመኪናቸውን ብዛት ቆጠረ። እኔም ስለ ሐሙሱ ፈረስ ተናገርኩ፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ።

ሥራ አስኪያጁ በትሕትና መለሰ። የተጣለውን ሁሉ እናንሳ ብንል ነገ የሚጣለው በእጥፍ ይሆናል፤ ለአንድ በረት የሚወጣው ወጪ ስንት ባለጋሪ ስለ ጭነትና ስለ ሰኮና ያስተምራል፤ ገንዘቡም ለተባለለት ሥራ ብቻ ነው የሚመጣው አለ። ውሸት የለበትም። ንዴቴ ግን አልበረደም። የማያደርጉትን ነገር ግድግዳው ላይ ከስልክ ቁጥሩ ጎን ቢጽፉት ሰው ሐሙስን አይጠብቅም ነበር።

ሻይ ላይ ያቺ ሐኪም አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ አንዲት ዶሮቲ ብሩክ ስለምትባል እንግሊዛዊት አወራችኝ። ሴትየዋ በ1930 እ.ኤ.አ. ካይሮ ስትሄድ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ እዚያው የሸጠቻቸው የጦር ፈረሶች አርጅተው ጋሪ ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በ1931 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ብር ጎረፈላት፤ 5,000 ፈረስ ገዛች። በ1934ም በዚያው ከተማ ነጻ የእንስሳት ሆስፒታል ከፈተች። «አብዛኞቹን ምን እንዳደረገቻቸው ታውቃለህ?» አለችኝ ሐኪሟ። «ጥቂት ቀን አብልታ፣ አጠጥታ፣ በሰላም ገደለቻቸው።» እሷ ራሷ ሊድን የማይችል ፈረስ አይታ ያንን መርፌ ለመውጋት የምታስፈቅደው ሰው እንደማታገኝ ነገረችኝ። የሚደፍር ባለቤት የለም፤ ባለቤት የሌለውን ደግሞ ብትነካ ሰው በድንጋይ ይወግራታል።

አስበው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተውን የአህያ ቄራ ሕዝቡ ተቆጥቶ አዘግቶታል፤ እኔም ያኔ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ቢላዋው ሲያስጮኸን የጅቡ ጥርስ አላስጮኸንም። ድርጅቶቹ ይህን ያውቃሉ፤ ግን ባለጋሪውንም ለጋሹንም ላለማስቀየም አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። እኛም የሚያነሳልን መኪና ስንጠብቅ ማን እንደጣለው አንጠይቅም። ስድቡን ስናወርድ የዋልነው እኮ ግማሻችን የለቀቅን ሰዎች ነን። እኔስ? ገመዱን ያስረከብኩት እኔ አይደለሁም?

በማግስቱ ያን የሸጥኩለትን ሰውዬ ፈልጌ አገኘሁት። ጋሪውን ትቶ የሰው ባጃጅ ይነዳል። «ዳማውን ሸኖ ገበያ ሸጥኩት» አለኝ። መቼ? «ዓምና።» ለማን? ሳይመልስልኝ የባጃጁን መስታወት በጨርቅ መወልወል ጀመረ፤ ንጹሕ ነበር።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ የጻፍኩልህም ለዚህ ነው። ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዳማው የተተኮሰበትን ቀን አሰብኩ። እኔ ከፊት ቆሜ ራሱን ይዤ ነበር። ብረቱ ሲያርፍበት ጭሱ በቀኜ በኩል መጥቶ ዓይኔን እንዳቃጠለው አልረሳውም፤ «ቀኝ ወርቹ» ብዬ የያዝኩትም ለዚህ ይመስለኛል። ግን ፊት ለፊቱ ቆሜ ከነበረ የእኔ ቀኝ የእሱ ግራ ነው። ያ ፈረስ ግራ ጎኑን አጥሩ ላይ ደግፎ ቆመ፣ በግራ ጎኑ ተኝቶ ሞተ፤ ትራክተሩ ሲጎትተውም ዞር ብዬ አላየሁም።

አንተ ያን ቀን ከአባትህ ጋር በጎኑ ቆመህ እግሩን የጠፈርክበትን ገመድ ይዘህ ነበር። የተተኮሰው በየትኛው ወርቹ ነው?

ወንድምህ
ዘውዱ