አባቴን ለመለስሽልን እህታችን

እህቴ፣ ስምሽን አላውቅም። «የጤና ተማሪ ነኝ» ከማለት በቀር ምንም አልነገርሽንም። ይህን የምጽፈው የሚያውቅሽ ሰው አይቶ ያደርስልኛል ብዬ ነው።

የጥምቀት ሰሞን ነበር። አባቴ ጎንደር ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነው። ለበዓሉ የታዘዘው ልብስ ስለበዛበት ሲያመሽ ሰንብቷል። ያን ቀን እንደተቀመጠ ከስፌት መኪናው ላይ ወደ ጎን ወደቀ። ሰው ግር ብሎ መጣ። አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ክብሪት ጫረ። ሌላው ውሃ ረጨበት። እኔም አባዬ አልፎ አልፎ ያንኮራፋ ስለነበር ደህና የሚተነፍስ መስሎኝ ነበር።

አንቺ ሰዉን ገፍተሽ ገባሽ። ትከሻውን መታ መታ አድርገሽ ጠራሽው። ደረቱን አየሽ። «ይሄ ትንፋሽ አይደለም፣ ልቡ ቆሟል» አልሽ። ሁለት እጅሽን ደርበሽ ደረቱ መሃል ላይ አድርገሽ መጫን ጀመርሽ። በኃይል፣ በፍጥነት፣ እየቆጠርሽ።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጎድን አጥንቱ ነበር። ያኔ ክንድሽን ይዤ ጎተትኩሽ። «ገደልሽው!» ብዬ ጮህኩብሽ። ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ የአባቴ መውደቅ ሳይሆን ያ ክንድሽ ነው። አንቺ ግን አልተቆጣሽኝም። «ወንድሜ፣ አጥንት ይጠገናል፤ ልቀቀኝ» ብለሽ ቀጠልሽ።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ፣ አንተንም እግዜር ይስጥልን። በየ2 ደቂቃው ከእሷ ጋር እየተቀያየርክ ስትጫን ላብህ አባዬ ሸሚዝ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ደረት መጫን አይቻልም ስትል ሰምተህ ዕቃህን አስፋልት ላይ ያራገፍከው የፒክአፕ ሹፌር፣ አንተንም ፊትህን እንኳ በወጉ አላየሁትም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች፣ በሩ ላይ ስንደርስ አንዳችሁ ደረቱን ተረከባችሁ፣ አንዳችሁ አየር ሰጣችሁት፣ አንዳችሁ አድሬናሊን ወጋችሁት። ልቡ ደም መግፋት አቅቶት ይርገፈገፍ ነበር። በኤሌክትሪክ መታችሁት። በሁለተኛው ተመለሰ። የጽኑ ሕሙማን ነርሶች፣ እናቴን ከበር ላይ አንስታችሁ ሻይ ያጠጣችኋትን አልረሳም።

ኋላ ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። ልብ ሲቆም አንጎል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። በኤሌክትሪክ የሚመታው ማሽን እስኪደርስ ደሙን ወደ አንጎል የሚገፋው የሰው እጅ ነው። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ደረቱ ተመልሶ እንዲነሳ እየለቀቁ። ያልሰለጠነ ሰውም መጫኑን ብቻ ቢያደርግ ይረዳል አለኝ። አጥንቱም ቢሰበር። እኔ ደግሞ እጅሽን ይዤ ነበር! ነርሶቹን ለምኜ ትራስ ላይ አሳዩኝ፤ አሁን ቤት ውስጥ ታናናሾቼም ያውቁታል።

አባዬ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ቀስ እያለ ሱቁ ገብቷል። ከሁሉ በፊት የሰፋው ላንቺ ነጭ ጋውን ነው። ልክሽን ስለማያውቅ እጅጌውንና ጫፉን አልቀመቀመውም። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። እባክሽ ብቅ በይ፤ ይለካሽ።